የኪራይ ቁጥር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኮድ መጣልኝ። እኔ አልጠየቅኩም።

ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት ታካሚ መንጋጋዋን ይዛ ፊቴ ቆማለች። ካርዷን እየፈለግኩላት ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። «የመግቢያ ኮድዎ» ይላል፣ ከሥሩ አምስት አሃዝ። የተሳሳተ ሰው ይሆናል ብዬ ስልኩን ደፋሁት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ መጣ፦ «ወደ አካውንትዎ በአዲስ ስልክ ተገብቷል። ቦታ፦ አዲስ አበባ።»

ክው አልኩ። ታካሚዋ «እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። መንጋጋዋ ያበጠው እሷ፣ የምታጽናናው እሷ!

በዋናው የመልእክት አካውንቴ ቢሆን ምን ነበረበት። ምን አለበት እዚያ? የክሊኒኩ ግሩፕና የሠርግ ጥሪ። የተገባው ግን በዚያኛው ነው። ከአባቴ ጋር በማወራበት።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አባቴ ሁሴን ቦቴ ሹፌር ነበር፣ ጅቡቲ የሚመላለስ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሄዶ ቀረ። ሚሌ ላይ ሌላ ሚስት አግብቷል ተባለ። እማ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ገርጂ የጨርቅ ሱቅ ከፈተችና አሳደገችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ፎቶውን አሳዪኝ ብላት «እሱን ያናገረ የእኔ ልጅ አይደለም» አለችኝ። እማ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። አምና አንድ ሹፌር ጥርሱን ሊነቀል መጣና ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበ። «ሰሚራ ሁሴን… የሁሴን ቦቴው ልጅ?» አለ፣ አፉ ግማሹ ደንዝዞ። በቃ። ከዚያ ወዲህ አባቴን አናግረዋለሁ። ኮምቦልቻ ነው ያለው። ስኳር አንድ እግሩን ጎድቶታል።

በራሴ ቁጥር ባናግረው አንድ ቀን መደወሉ አይቀርም። የእኔን ስልክ ደግሞ ከእኔ ቀድማ የምታነሳው እማ ናት። ስለዚህ የኪራይ ቁጥር ያዝኩ። የውጭ አገር ቁጥር ነው፣ ሲም የለው፣ ምን የለው፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ። እዚሁ ኦሎምፒያ፣ ከክሊኒኩ አጠገብ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቲ የሚባል ልጅ ያከራያል። የመክፈቻው ኮድ ለእሱ ይመጣል፣ ያነብልሻል፣ ትከፍቺያለሽ። ስሜን «ሰላም» አልኩ። ቁጥሩ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብኝ በየወሩ ማሳደስ ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ። ናቲ በርገሩን ይገምጣል።

«ጊዜው አልቆ ነበራ» አለኝ። «ዛሬ አስር ሰዓት ብዬሽ የለ?»

«አሁን ገና ስድስት ተኩል ነው!»

«በፈረንጅ እኮ ነው አስር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው ያለቀው። አራት ተኩል ላይ ደንበኛ መጣ፣ ሰጠሁት።»

ያ ረቢ! አስር ሰዓት ብሎ ነገር ለእኔ ከሥራ መውጫ ነው። ስወጣ ላሳድስ ቦርሳዬ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ቁጥሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚኖረውና የሚሞተው። ሃያ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ በሰዓት ተበላሁ።

ለማን ሰጠኸው ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ስም አልጠይቅም። አንቺንስ ጠይቄሻለሁ?» እውነቱን ነው፣ አልጠየቀኝም። ለዚያም ነበር የወደድኩት።

አሁን ያ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር ያወራሁትን ቁጭ ብሎ እያየ ነው። የአባቴን ስልክ ቁጥር እንኳ የትም አልጻፍኩም፣ እማ እንዳታገኘው ብዬ። አካውንቱ ከሄደ አባቴ ሄደ። የገባው ሰው አፈ ሰፊ ሆኖ ወሬው እማ ጋ ከደረሰ ደግሞ እማ ሄደች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለተ ለምትባለው የክሊኒኩ ገንዘብ ያዥ ነገርኳት። ስለ አባቴ አይደለም፣ «አንድ አካውንቴ ውስጥ ሰው ገባብኝ» ብዬ። ለተ የመቀሌ ልጅ ናት፣ ስልክ ስትነካካ የምትውል። ቅንብሩን ከፍታ አየችና እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ሓፍተይ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንኳ የለሽም? በርሽን ክፍት ትተሽ ነዋ የተኛሽው!»

ገብቷል የተባለውን ስልክ አሳየችኝ። ግማሽ ሸገር የያዘው ዓይነት ስልክ ነው። ከሥሩ በቀይ የተጻፈ፦ «ሌሎቹን ሁሉ አስወጣ»። «ይሄን ትጫኛለሽ፣ ሰውዬው ውጭ ነው። አሁኑኑ ተጫኚ፣ ነገ ከዋለ እሱም አንቺን ማስወጣት ይችላል» ብላኝ ሒሳብ የሚከፍል ሰው መጣባትና ሄደች።

ጣቴ ቀዩ ላይ ነበር። በአላህ፣ አንድ ፀጉር ነው የቀረው።

ልክ በዚያች ቅጽበት ከላይ መልእክት ብቅ አለ። ከእኔ። ለአባቴ። እኔ ያልጻፍኩት።

«ለምን ሄድክ?»

ሁለት ቃል። በእኔ አካውንት፣ በእኔ ቦታ፣ እኔ እንደጻፍኩት ሆኖ። ዓመት ሙሉ ስለ እግሩ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄዋለሁ። ይቺን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይሸሸኛል ብዬ ፈርቼ። እና አንድ የማላውቀው ሌባ ገብቶ በሁለተኛ ቀኑ ጠየቀልኝ!

አባቴ መስመር ላይ ነበር። «ድምፅ እየቀዳ ነው» ይላል። ይቆማል። እንደገና ይላል። እኔ ደግሞ ቀዩን መጫን ትቼ ቁጭ ብዬ መጠበቅ። ይኸው ልመን፦ አላስወጣሁትም። መልሱን ፈልጌ ነው።

ስድስት ደቂቃ ቆይቶ ድምፅ መጣ። ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ሰማሁት። «ልጄ፣ ይህችን ጥያቄ ስጠብቃት ነው የከረምኩት» ብሎ ጀመረ። ሚሌ ሊደርስ ሲል ሰው ገጭቷል። ሽማግሌ። ሞተዋል። ሦስት ዓመት ታስሯል። «እናትሽን አውቃታለሁ፣ መታሰሬን ብትሰማ ስንቅ ተሸክማ በዚያ ሐሩር ትመላለስ ነበር። ወጣት ነበረች። ታስሯል ከሚሏት አግብቷል በሏት ብዬ ጓደኛዬን ላክሁት። ብትጠላኝ ትኖራለች ብዬ።»

ሌላ ሚስት የለችም። ኖራም አታውቅም!

ሲፈታ ገርጂ ድረስ መጥቷል። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አይቶናል። እማ ሱቋ በር ላይ፣ እኔ በዩኒፎርም። «ቆማችኋል። ምን ይዤ ልግባ?» አለ። ዞሮ ሄደ።

ማጠቢያው ላይ ተደግፌ ቆየሁ። ዶክተሩ ሲጠራኝ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ለታካሚዎች የሌላ ሰው ካርድ ስሰጥ ዋልኩ።

ቡልቡላ ቤታችን ስደርስ እማ ከእኔ ቀድማ ገብታለች፣ ሱቋን በጊዜ ዘግታ። ራሴን አሞኛል ብላ ተኝታለች። ጎሽ፣ ፊቴን አላየችውም ብዬ ተመስገን አልኩ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሌባው ማን ሊሆን እንደሚችል በታክሲ ውስጥ ስቆጥር መጣሁ።

1. ናቲ ራሱ። ግን ናቲ የሰው ቤተሰብ ምኑ ነው? ምሳውን እንኳ ጨርሶ አይበላም።
2. ሥራ የፈታ አንድ ሰው፣ ነገር ሲያይ የሚጣፍጠው።
3. የአባቴ ዘመድ፣ ሊፈትነው።
4. ጂኒ።

ስቄያለሁ በአራተኛው። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደልኝም።

አባቴ ከትናንት ወዲህ «ልጄ፣ ሰማሽኝ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፏል። እኔ ምን ብዬ ልመልስ? «የጠየቅኩህ እኔ አይደለሁም» ልበለው? ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ለታካሚ ቀጠሮ እየጻፍኩ፣ እንደገና ከእኔ ወደ እሱ፦

«ሸጋው፣ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ። አንተ ለእኔ ስትወስን እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። አልዋሽም፣ ወደቀ።

ሸጋው!

እማ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። የእነ እማ አገር ሴቶች ባላቸውን በስም አይጠሩም፣ ነውር ነው፤ ሙሽራዋ ስትገባ እሷ ብቻ የምትጠራውን ስም ታወጣለታለች። እማ ያወጣችለት ሸጋው ነው። ከእሷ አፍ ውጭ ያንን ስም የተናገረ ሰው የለም። አያቴ እንኳ አልጠሩትም። እኔ ራሴ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ቦቴው ሰፈር ገብቶ ጥሩምባ ሲነፋ፣ «ሸጋው መጣ» ብላ ነጠላዋን ስትፈልግ።

ሌባው እማ ናት። ሱብሃነላህ። እማ!

እንዴት? ብዬ ሳስብ ራሴን በጥፊ ልመታው ደረስኩ። ባለፈው ወር ሱቅ ቁጭ ብለን የጎረቤቷ ልጅ የውጭ ሥራ ሊያመለክት ኮድ አልመጣለት ብሎ ሲማረር፣ «ኦሎምፒያ ናቲ ዘንድ ሂድ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ማንነትህንም አይጠይቅ» ያልኩት እኔ ነኝ። እማ ጨርቅ ስታጥፍ ነበር። የማትሰማ መስላኝ። አቤት እኔና አፌ!

አካውንቱ የተከፈተበት ስልክም የእማ ስልክ ዓይነት ነው። ከመጀመሪያው ፊቴ ላይ ነበር።

ግን ለምን ቁጥር ፈለገች? ይህ አልገባኝም። ደግሞም ገብታ ድምፄን ሰምታለች ማለት ነው። ዓመት ሙሉ «አባ፣ አባዬ» ስለው። ታውቃለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። ማክሰኞ ማታ ሽሮ ሠርታ አቀረበችልኝ፣ ረቡዕ ጠዋት «ሹራብ ልበሺ፣ ብርድ ነው» አለችኝ። እያወቀች!

«የእኔ ልጅ አይደለም» ያለችውን ሳስብ ቤት መግባት አስፈራኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ገና ከጠዋቱ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ እያቃጠለ ኮንዶሚኒየሙ በጭስ ታፍኗል። ዓይኔ ቀልቶ ስወጣ የግቢው ጥበቃ «ጭሱ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ ጭሱ ነው አልኳቸው። ዛሬ ለሁላችንም ምክንያት ተገኘ።

አባቴ ትናንት ማታ መልሷል። «ኸድጂ?» ብሎ ብቻ። የእማን ስም። ከዚያ ዛሬ ጠዋት ረዘም ያለ፦ «ኸድጂ፣ አንቺ ከሆንሽ ይቅር በይኝ አልልም። እግሬ ቢፈቅድልኝ መጥቼ ደጅሽ ላይ እቆም ነበር።»

እኔ አልከፈትኩትም። ግን ያልተነበበ የሚለው ምልክት እያየሁት ጠፋ። እዚያ ማዶ፣ ገርጂ፣ እማ ከፈተችው ማለት ነው። እኔ ኦሎምፒያ፣ እሷ ገርጂ፣ እሱ ኮምቦልቻ፣ ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሳስብ ለቅሶም ሳቅም መጣብኝ።

አልመለሰችለትም።

ማታ እራት ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። መጅሊሱ ላይ ስልኳ፣ ጠረጴዛው ላይ የእኔ። ሁለቱም ተደፍተዋል። ልናገር እላለሁ፣ ውኃ እጠጣለሁ።

«ምነው አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» አለች።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ብይ።»

በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም።

እሷም ልትናገር ፈልጋ ይሆን? ወይስ እኔ እስክናገር እየጠበቀች ነው? እማ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ዋጋ እስኪጨምር ዝም ብላ ጨርቁን እየዳሰሰች ትጠብቃለች፣ ሁልጊዜ ደንበኛው ነው ቀድሞ የሚሸነፍ። እኔ ደግሞ ከደንበኛ የባስኩ ደካማ ነኝ።

ነገ ጠዋት እነግራታለሁ። ወላሂ እነግራታለሁ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አልነገርኳትም። ስነቃ ሱቅ ሄዳለች።

ግማሽ ቀን ነው የምሠራው። ስድስት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን አንስቼ የአባቴን ገጽ ስከፍት ስልኬ ባዶ ገጽ አሳየኝ። «ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ»። ምንም የለም። ድምፁ የለም፣ ፎቶው የለም፣ አንድ ዓመት የለም። ከውስጥ አስወጥታኛለች።

ለተን እየጮህኩ ጠራኋት። አየችው። «ቀደመሽ» አለች። «ያለፈው ቀን ተጫኚ አላልኩሽም?» ምን ላድርግ ብላት፣ «ቁጥሩን አስገቢ፣ ኮድ ይላካል፤ ግን ኮዱ የሚሄደው ውስጥ ላለው ሰው ነው። ሌባውን ለምነሽ ካልነገረሽ በቀር አለቀ» አለችኝ።

ሌባውን ለምኚ!

ራይድ ጠርቼ ገርጂ ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ከመኪናው ወርጄ ግማሹን በእግሬ። ሱቁ ጋ ስደርስ እማ አንዲት ሴትዮ ፊት ጨርቅ ዘርግታ በክንዷ ትለካለች። አየችኝና መለካቷን ቀጠለች። ምን ብዬ እጀምራለሁ? በሩ ላይ እንደቆምኩ ቁጥሩን አስገባሁና ተጫንኩ።

መደርደሪያው ሥር ስልኳ ጮኸ።

መለካቷን ጨረሰች። ቆረጠች። አጠፈች። ሴትዮዋን «በደስታ ልበሺው» ብላ ሸኘች። ከዚያ መነጽሯን አደረገችና ስልኩን ከዓይኗ አርቃ ይዛ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ። የሚጠይቅዎ ሰው አታላይ ነው።»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «እንደዚህ ይላል። ምን ላድርግ?»

አለቀስኩ። እዚያው ሱቅ በር ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሕፃን። ጎትታ አስገባችኝና የጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀመጠችኝ።

ያኔ ነገረችኝ። ከኮምቦልቻ የመጣች ደንበኛ በወሬ መሀል፣ ሁሴን ብቻውን እንደሚኖር፣ ሚስት ነበረችው የሚባለውንም እዚያ ማንም እንደማያውቀው ነግራታለች። ስልክ ቁጥሩንም ከዚያችው ሴት ወስዳለች። እማ እንቅልፍ አጣች። ማን እንደሆነች ሳያውቅ ልትጠይቀው ፈለገች። «በዚህ ጉልበቴ ሦስት ፎቅ ወጣሁ። አካውንቱን ከፍቼ ስገባ የሰው ቤት ነው። ይቅርታ ብዬ ልወጣ ስል የእሱን ስም አየሁ። አንዱን ነካሁት፣ አንቺ ነሽ።»

«ሁሉንም ሰማሽው?»

«ሁሉንም። ሁለት ቀን ሱቅ ዘግቼ። ስትስቂ ሰማሁ። እኔ ጋ እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። መቆጣቷ ይሻል ነበር።

«እማ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩሽ» አልኳት።

«እሱም እንደዚያው ነው ያለው» አለች።

ሁለታችንም፣ አባቴም እኔም፣ ለእሷ እያዘንን እሷን ሳንጠይቅ ዓመታት አሳለፍን። እሷ ደግሞ ሁለት ቀን ነው የወሰደባት፣ ለምን ብላ ለመጠየቅ።

«ታዲያ አሁን ልጅሽ አይደለሁም?» አልኳት፣ በስንት ጭንቅ።

መነጽሯን አስተካከለች። ስልኩን አነሳች። «ሁለት» አለች። «ዘጠኝ። ዜሮ። ዘጠኝ።» ቆመች።

«አምስተኛው?»

«አምስተኛውን ቤት።»

«እማ፣ እስከዚያ ጊዜው ያልፍበታል!»

«ይለፍበት። ሌላ ይልካል።» እና አዲስ ደንበኛ ስለገባ ተነሳች።

አብረን በታክሲ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው ያወራችው። አስወጣሁሽም፣ ይቅርታም፣ እሱን ይቅር እላለሁም አላለችም። እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

አሁን መግሪብ ሰግዳ ጨርሳለች፤ አምስተኛውን አሃዝ ገና አልነገረችኝም። እኔ መኝታ ክፍል ሆኜ ይህን እጽፋለሁ። ሳሎን ስልኳ እየጮኸ ነው፤ የመልእክት ድምፅ አይደለም፣ ረጅም ነው፣ የዚያ አካውንት ጥሪ ነው። በሕይወቴ እማ አንድ ነገር ላድርግ አላድርግ ብላ የምሯን ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ግን ትጠራኛለች።

«ሰሚራ! እሱ ነው። ላንሳው?»

መጣሁ አልኳት።